ሕግ በር ሲዘጋ፤ ስለ መጠጥ ክልከላና ስለ ሰዓት እላፊ

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ስለ መጠጥ ቤትና ስለ ሌሊት ጨዋታ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ቁም ነገር የጎደለው መስሎ ሊታየው ይችላል። ነገር ግን አንድ መንግሥት የሕዝቡን አኗኗር በክልከላ ለማረም በተነሣ ጊዜ ምን እንደሚከተል ለማወቅ የሚሻ ሰው፥ ከሌሊት ቤቶች ታሪክ የተሻለ ምስክር በቀላሉ አያገኝም። በቀን በአደባባይ የሚታዘዝ ሰው ሁሉ ሕጉን ከልቡ መቀበሉና አለመቀበሉ የሚታወቀው ሲመሽ ነውና።

በአገራችን የቆየ ልማድ፥ ሁለት ሰዎች ተጣልተው ዱላ ቀረሽ ጠብ ላይ ሲደርሱ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ያለ እንደሆነ ሌላው የሰነዘረውን ዱላ ይመልሳል፤ ባለበትም ይቆማል። በአጠገቡ ወታደር የለም፤ ወህኒ ቤትም አይታየውም። ያስቆመው የሕግ ክብር ብቻ ነው። ይህን የመሰለ ክብር ያለው ሕዝብ ብዙ ሀብት አለው ማለት ይቻላል። ታዲያ ይህ ሀብት እንዴት ይጠፋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጡ ዘንድ ሁለት ታሪኮችን ጎን ለጎን እናቀርባለን። አንደኛው አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. መጠጥን የከለከለችበት የአሥራ ሦስት ዓመት ታሪክ ነው። ሁለተኛው አዲስ አበባ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በሰዓት እላፊ የኖረችበት ዘመን ታሪክ ነው። በአንደኛው የተከለከለው መጠጥ ነበረ፤ በሁለተኛው የተከለከለው ሌሊቱ ራሱ ነበረ።

የአሜሪካ የመጠጥ ክልከላ

በ19ኛው መቶ ዓመት ስካር በአሜሪካ ትልቅ የማኅበራዊ ኑሮ ደዌ ሆኖ ነበር። የሳምንት ደመወዙን በመጠጥ ቤት ጨርሶ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚገባ ሠራተኛ፥ ከዚህም የተነሣ የሚራቡ ልጆችና የሚደበደቡ ሚስቶች ብዙ ነበሩ። በ1874 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የክርስቲያን ሴቶች የፀረ መጠጥ ማኅበር፥ ከእርሱም በኋላ የተነሡት ሌሎች ማኅበሮች፥ መጠጥ ጨርሶ እንዲከለከል የታገሉት ይህን መከራ አይተው ነው። ስለዚህ የክልከላውን ሕግ ያመነጩትን ሰዎች እንደ ሞኝ መቁጠር ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ዓላማቸው በጎ ነበረ።

የአገሪቱ ሕገ መንግሥት 18ኛ ማሻሻያ በጃንዋሪ 16 ቀን 1919 እ.ኤ.አ. ጸደቀ። ማስፈጸሚያው የቮልስቴድ ሕግም ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን አልፈርምም ቢሉም፥ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በምክር ቤቶቹ ድምፅ ወጣ። ከጃንዋሪ 17 ቀን 1920 ጀምሮ መጥመቅ፥ መሸጥና ማጓጓዝ ወንጀል ሆነ። መጠጣት ግን አልተከለከለም። አስቀድሞ በቤቱ ያከማቸ ባለጸጋ እየቀዳ ሊጠጣ ይችል ነበር። ሐኪም ለመድኃኒት ውስኪ ያዝዝ ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚሆን ወይንም ተፈቅዶ ነበር። ሕጉ ገና ሲወለድ ስንጥቅ ነበረበት ማለት ነው፤ በዚያም ስንጥቅ ብዙ ነገር ሾልኮ ገባ።

ፊት ለፊት የነበሩት መጠጥ ቤቶች ሲዘጉ በጓሮ በኩል ሌሎች ተከፈቱ። እነዚህን የስውር መጠጥ ቤቶች አሜሪካኖች «ስፒክኢዚ» ይሏቸው ነበር፤ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ተናገር እንደ ማለት ነው። በኒው ዮርክ ከተማ ብቻ ቍጥራቸው በአሥር ሺዎች ይገመት ነበር። በበሩ ላይ ትንሽ መስኮት አለች፤ የመጣው ሰው ምስጢረ ቃሉን ይናገራል፤ ዘበኛውም አይቶ ያስገባዋል። መጠጡ ከካናዳ በወንዝና በሐይቅ፥ ከባሃማ ደሴቶችም በመርከብ ይገባ ነበር። በአገር ውስጥ በስውር የሚወጣውም አረቄ ብዙ ነበረ። መንግሥት ለፋብሪካ ሥራ የሚውለው አልኮል እንዳይጠጣ መርዝ ይጨምርበት ስለ ነበር፥ ይህንኑ እየሰረቁና እያጣሩ በሚሸጡ ነጋዴዎች ምክንያት ብዙ ሰው ዓይኑ ጠፋ፤ ብዙም ሰው ሞተ።

እንዲህ ያለ ንግድ ፍርድ ቤት የለውም። ዕቃው ቢዘረፍ ባለቤቱ ለፖሊስ አያመለክትም፤ ውል ቢፈርስም ዳኛ ፊት አይቀርብም። ስለዚህ ነገሩን የሚፈርደው ጠመንጃ ሆነ። የወንበዴ ማኅበሮች ገነው የወጡት በዚህ ጊዜ ነው። በቺካጎ ጆኒ ቶሪዮ ቆስሎ ሥራውን ሲተው፥ በ1925 እ.ኤ.አ. ቦታውን የወረሰው አል ካፖን ገና የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ነበረ። ካፖን ፖሊሱንም፥ ሹሙንም፥ መራጩንም በገንዘብ ገዛ። በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1929 እ.ኤ.አ. በቺካጎ በአንድ ጋራዥ ውስጥ የተቀናቃኝ ቡድን ወገን የሆኑ ሰባት ሰዎች በግድግዳ ተደርድረው ተረሸኑ። ከገዳዮቹ አንዳንዶቹ የፖሊስ ልብስ ለብሰው ነበር፤ በዚህም ግድያ የተፈረደበት ሰው የለም። ነገሩን ላስተዋለው፥ የሕግ ልብስ የለበሰ ሰው ሲመጣ ዳኛ ይሁን ወንበዴ መለየት የማይቻልበት ጊዜ መድረሱን ያሳያል። ካፖን ራሱ በመጨረሻ የተያዘው በመጠጥ ንግድም በነፍስ ግድያም አይደለም። በ1931 እ.ኤ.አ. የገቢ ግብር ባለመክፈል ተከሶ የአሥራ አንድ ዓመት እሥራት ተፈረደበት።

ለእውነት ስንል አንድ ነገር መጨመር ይገባናል። በክልከላው መጀመሪያ ዓመታት የሚጠጣው መጠጥ መጠን ቀንሶ ነበር፤ ከመጠጥ በሚመጣ የጉበት በሽታ የሚሞተውም ሰው ቀንሶ ነበር። ሆኖም ጥቅሙ ከጉዳቱ ጋር ሲመዘን ሕዝቡ ጉዳቱ በለጠ አለ። በ1929 እ.ኤ.አ. የደረሰው የኢኮኖሚ ውድቀት የመንግሥቱን ካዝና ሲያራቁት፥ ከመጠጥ ይገኝ የነበረው ቀረጥ ትዝ አለ። በዲሴምበር 5 ቀን 1933 እ.ኤ.አ. 21ኛው ማሻሻያ ጸድቆ ክልከላው ተሻረ። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ታሪክ ውስጥ በሌላ ማሻሻያ የተሻረ ማሻሻያ ይህ ብቻ ነው።

ከሃርለም እስከ አዲስ አበባ

በዚያ ዘመን በኒው ዮርክ፥ ጥቁሮች በሚኖሩበት በሃርለም ሰፈር፥ ኮተን ክለብ የሚባል ስመ ጥር የሌሊት ቤት ነበር። ባለቤቱ ኦውኒ ማደን የተባለ የወንበዴዎች አለቃ ነበረ። በመድረኩ ላይ የሚጫወቱትና የሚጨፍሩት ጥቁሮች ነበሩ፤ ተቀምጠው እንዲያዩ የሚፈቀድላቸው ግን ነጮች ነበሩ። በ1927 እ.ኤ.አ. በዲሴምበር ወር ዱክ ኤሊንግተን የተባለ ወጣት ፒያኖ ተጫዋች ከነባንዱ በዚህ ቤት ተቀጠረ። ከዚያም በሬዲዮ የተላለፈው ሙዚቃው በመላ አሜሪካ ስሙን አስጠራው። እንግዲህ ከአሜሪካ ታላላቅ የሙዚቃ ሊቃውንት አንዱ የተደመጠው በተከለከለ መጠጥ በሚተዳደር ቤት ነው። የወንበዴው ገንዘብ ለኪነ ጥበብ ውለታ ዋለ ማለታችን አይደለም፤ መልካሙ ነገር ከክፉው ጋር በአንድ ጣራ ሥር እንዲያድር ያስገደደው ክልከላው መሆኑን ማስታወሳችን ነው።

ይኸው ዱክ ኤሊንግተን ዕድሜው ከገፋ በኋላ በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጐበኘ። ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም የክብር ሽልማት ተቀበለ። ከኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች መካከል ያስተናገደው ሙላቱ አስታጥቄ ነበር። ኤሊንግተን ያያት አዲስ አበባ በሌሊት ሕይወቷ ከምን ጊዜውም ይልቅ የደመቀች ነበረች። እርሱ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አረፈ። ከዚያም አራት ወር ሳይሞላ አዲስ አበባ በሰዓት እላፊ ተዘጋች። የመከራው ክብደት ከዘፈኑ ጋር የሚታወቀን፥ ከመዘጋቷ በፊት ምን እንደ ነበረች ስናውቅ ነው።

አዲስ አበባ ሲመሽ

በአገራችን መጠጥ አዲስ ነገር አልነበረም። ጠላው በየቤቱ ይጠመቃል፤ ጠጁ ከጥንት የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ግብር መጠጥ ሆኖ ቆይቶ ኋላ በጠጅ ቤት ለሁሉም ደረሰ። አዝማሪም በግብርና በሠርግ፥ በኋላም በጠጅ ቤት፥ ሰምና ወርቁን እያዋሐደ ሲያሞግስና ሲወቅስ ኖሯል። አዲሱ ነገር ከተማ ነበር። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የባሕር ማዶ ዕቃና ልማድ በፍጥነት መግባት ጀመረ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው አራዳ የገበያም የመዝናኛም እምብርት ሆነ፤ መጀመሪያ የተከፈተውንም የሲኒማ ቤት ሕዝቡ በመገረም «ሰይጣን ቤት» አለው። በአሜሪካ የቢራ በርሜል በመጥረቢያ በሚፈለጥበት ዘመን፥ በ1915 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ተቋቋመ። በ1916 ዓ.ም. መጨረሻም ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከነመለከታቸው ገቡ፤ «አርባ ልጆች» ተብለው የዘመናዊ ሙዚቃ መሠረት ጣሉ።

ከጣልያን ወረራ በኋላ ሙዚቃው በመንግሥት ተቋማት ውስጥ አደገ። የክቡር ዘበኛ፥ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ባንዶች፥ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር፥ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ ዘፋኙና ተጫዋቹ በደመወዝ የሚያድርባቸው ቤቶች ነበሩ። ጥላሁን ገሠሠ የክቡር ዘበኛ ባልደረባ ስለ ነበር ከ1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በኋላ እስከ መታሠር ደርሷል።

ቀን በመንግሥት መድረክ የተጫወተው ሲመሽ ወደ ቡና ቤቶቹ ይወርድ ነበር። ከፒያሳ አጠገብ ያለው የደጃች ውቤ ሰፈር «ውቤ በረሃ» ተብሎ የታወቀው በዚህ ነው። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ሴቶች የከፈቷቸው ቡና ቤቶች ተደርድረው፥ መኰንኑና ተማሪው፥ ጸሐፊውና ነጋዴው፥ ደራሲውና ሥራ ፈቱ በአንድ ወንበር ይቀመጥባቸው ነበር። ስለዚህ ሰፈር ሲወራ ጣፋጩን ብቻ ማንሣት ተገቢ አይደለም። ሌላ መተዳደሪያ ያጡ ሴቶች ገላቸውን የሚሸጡበት፥ ብዙ ትዳር የፈረሰበትና ብዙ ደመወዝ በአንድ ሌሊት ያለቀበት ሰፈርም ነበር። አሜሪካኖቹ ሴቶች ያለቀሱበት ነገር በእኛም አገር ያስለቅስ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ዘመን አንድ ትንሽ ክልከላ ነበረ፤ ታሪኩም ለጉዳያችን ይጠቅማል። በ1940 ዓ.ም. በወጣ ትእዛዝ የሙዚቃ ሸክላ የማስቀረጽና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። መብቱ ቢኖርም የዘመኑን አዲስ ድምፅ የሚቀርጽለት አልተገኘም። ወጣቱ አቶ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ትእዛዙን ደፍረው ዓለማየሁ እሸቴን ቀረጹ፤ ሸክላውንም በውጭ አገር አሳትመው በአዲስ አበባ ሸጡ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከ100 በላይ ባለ ሁለት ዜማ ሸክላዎችና 12 ያህል ትልልቅ ሸክላዎች አወጡ። ዛሬ ዓለም የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን እያለ የሚያደንቀው አብዛኛው ቅርስ በዚህ መንገድ የተገኘ ነው። በዚህ ክልከላ መጣስ ደም አልፈሰሰም፤ የወንበዴ ማኅበርም አልተፈጠረም። ምክንያቱም መንግሥት ሕዝቡ የወደደውን አይቶ ዓይኑን መለስ አደረገ። ይሁንና ሥራ ላይ የማይውል ትእዛዝ በወረቀት ላይ ትቶ በቸልታ ማለፍ ብልኅ አስተዳደር ነው ማለት አይቻልም። ትእዛዙ ጊዜው ካለፈበት በግልጽ መሻር ይገባው ነበር።

ሰዓት እላፊ

በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው ደርግ ሥልጣን ያዘ። ሰልፍና የሥራ ማቆም አድማ ተከለከሉ፤ ሰዓት እላፊም ታወጀ። በዚያው ዓመት ታላላቆቹ ሆቴሎች በመንግሥት እጅ ገቡ። በሐምሌ ወርም በአዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወርሶ ቀበሌዎች ተቋቋሙ። የሰዓት እላፊው መጀመሪያና መጨረሻ በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር፤ ክልከላው ግን ጸና። አንድ ክፉ ሳምንት ሊታለፍበት የታወጀ የመሰለው ነገር ከአሥራ ሰባት ዓመት በላይ ቆየ። በ1967 ዓ.ም. የተወለደ የአዲስ አበባ ልጅ፥ ለአቅመ አዳም እስኪደርስ ድረስ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የከተማውን መንገድ አላየም ማለት ነው።

ይህ ሕግ እንደ አሜሪካው ስንጥቅ አልነበረውም። ይለፍ ሳይዝ የተገኘ ሰው ይታሠራል፤ በቀይ ሽብር ዘመን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ሌሊት የሚሰማው የተኩስ ድምፅ ሲነጋ በየመንገዱ ወድቆ በሚገኘው አስከሬን ይተረጐም ነበር። የዘመኑ ሰው ሌሊት ውሻ ሲጮኽ ልቡ ይደነግጥ ነበር፤ መኪና በበሩ ሲቆምም ትንፋሹን ይውጥ ነበር። ምጥ የያዛት ሴት፥ ሕመም የጸናበት ሽማግሌ፥ እስኪነጋ መጠበቅ ግድ ይሆንባቸው ነበር። ለቅሶ የደረሰና ሠርግ የታደመ እንግዳም ሰዓት ካለፈበት እዚያው ያድር ነበር።

ታዲያ የሌሊት ቤቶቹ ምን ሆኑ? ብዙዎቹ ትንንሾች ደክመው ተዘጉ፤ ውቤ በረሃም የቀድሞ ድምቀቱን አጣ። በትልልቆቹ ሆቴሎች ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሕጉ የሚከለክለው በመንገድ መገኘትን እንጂ በቤት ውስጥ መቀመጥን አልነበረም። ስለዚህ እንግዳው ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ እስኪነጋ ድረስም ማንም አይወጣም። ባንዱ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታል። ዋልያስ ባንድ በሒልተን፥ ዳህላክ ባንድ በግዮን፥ ኋላ ሮሃ የተባለው አይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል ያገለገሉት እንዲህ ነበር። ሲነጋ በሩ ይከፈታል፤ ያደረው ሰው የጧቱ ብርሃን ዓይኑን እየወጋው ወደ ቤቱ ወይም ወደ ሥራው ይሄዳል።

በዚህ የተዘጋ ሌሊት ውስጥ ሙዚቃው አልሞተም። የዘፈን ግጥም በሳንሱር እየተመረመረ የሚያልፍበት ጊዜ ስለ ነበር፥ ቃል የሌለው ሙዚቃ ልዩ ነጻነት ነበረው፤ ሳንሱር የሚሠርዘው ስንኝ የለውምና። ዋልያስ ባንድ በ1969 ዓ.ም. ገደማ ያወጣው በመሣሪያ ብቻ የተቀናበረ ሸክላ ዛሬም በዓለም ይደመጣል። ሸክላው ወዲያው ለካሴት ቦታውን ለቀቀ፤ በካሴትም ዘፈኑ በር ቢዘጋበት በየቤቱ ገባ። አዝማሪም የለመደውን ሰምና ወርቅ ይዞ፥ ሰሚው የሚገባውን እየነገረ ሳንሱር የማይዘውን እየሰወረ ቀጠለ።

ሁለቱ ሲነጻጸሩ

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ሊጠይቅ ይችላል። በቺካጎ እንደ ተነሡት ያሉ የወንበዴ ማኅበሮች በአዲስ አበባ የሌሊት ቤቶች ላይ ስለምን አልነገሡም? የሕዝባችን ጨዋነት ነው ብሎ መመለስ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ምክንያቱ ሌላ ይመስለናል። በአሜሪካ የተከለከለው ዕቃ ነበረ። ዕቃ በመርከብ ይጫናል፥ በጓሮ ይቀበራል፥ ዋጋውም በክልከላው ልክ ይወጣል፤ ስለዚህ ወንበዴው ይበለጽግበታል። በአዲስ አበባ የተከለከለው ሰዓት ነበረ። ሰዓትን በኮንትሮባንድ ከጅቡቲ ማስገባት አይቻልም። ሰዓት የሚሸሸገው በተዘጋ በር ውስጥ ብቻ ነው፤ የትልልቆቹ በሮች ቁልፍ ደግሞ በመንግሥት እጅ ነበረ። በሌላም በኩል የቺካጎ ፖሊስ በወንበዴው ገንዘብ ተገዝቶ ነበር፤ በአዲስ አበባ ግን ሌሊት በመሣሪያ የሚያስፈራው ሮንዱና የአብዮት ጥበቃው ስለ ነበረ፥ ለሌላ አስፈሪ ቦታ አልቀረም።

ከዚህም ሁለት ዓይነት በሽታ እናያለን። በአሜሪካ ሕጉ አልተከበረም፤ አልተፈራምም። ዳኛው፥ ሐኪሙ፥ የምክር ቤት አባሉ ሳይቀር በስውር እየጠጣ በአደባባይ ክልከላውን ያመሰግን ነበር። አንድን ሕግ መናቅ የለመደ ሕዝብ ሌላውንም ለመናቅ አይቸገርም። በአዲስ አበባ ደግሞ ሕጉ ተፈራ፤ አልተከበረም። የተዘጋው ሆቴል ውስጥ የሚጨፍረው ሰው ሕጉን አልጣሰም፤ አልወደደውምም። ሰዓቱን ይጠብቅ የነበረው ልጁ ያለ አባት እንዳይቀር ፈርቶ ነው። ፍርሃት ደግሞ ሰው እንዲቆም ያደርጋል እንጂ «በሕግ አምላክ» ሲባል ከልቡ እንዲቆም አያደርግም። የሚያስፈራው ኃይል የተነሣ ቀን የቆመው ሁሉ ይበተናል።

የጠፋውም ነገር በቀላሉ አልተተካም። አቶ አምሃ እሸቴ በ1967 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። በ1974 ዓ.ም. ገደማ ዋልያስ ባንድ ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሲሄድ ከአባሎቹ መካከል አራቱ እዚያው ቀሩ። ከእነዚህ አንዱ የኪቦርድ ተጫዋቹ አቶ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዱ፤ የቀድሞ ሥራቸው በ2005 ዓ.ም. ዳግም ታትሞ በዓለም መድረክ እስኪቆሙ ድረስ፥ የሚያሳፍሩት መንገደኛ ሁሉ የማንን መኪና እንደ ተሳፈረ አያውቅም ነበር። ዘፈኑ በተዘጋ በር ውስጥ ሊቆይ ቻለ፤ ዘፋኙና ተጫዋቹ ግን በተዘጋ በር ውስጥ ዕድሜውን ሊፈጅ አልቻለም። ደርግ በግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ከወደቀና ሰዓት እላፊው ከተነሣ በኋላ በሩ ቢከፈትም፥ ከወጡት ብዙዎቹ አልተመለሱም።

ለዛሬ ከተሞች

እኛ በሐዋሳ የምንኖር ሰዎች ይህን ታሪክ የሌላ ከተማ ወሬ አድርገን ልናልፈው አይገባንም። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. በሐይቁ ዳር ስትቈረቈር አዲስ አበባ ወደ ሌሊት ድምቀቷ ዘመን ትገባ ነበር፤ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ከተማችን ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ዛሬ የሲዳማ ክልል መዲና ሆና እንግዳ የሚበዛባት፥ ሆቴልና የጭፈራ ቤት የተደረደረባት ከተማ ናት። በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ወጣቶች፥ አብዛኞቹም ሴቶች፥ ሊሠሩባት መጥተዋል። ሌሊቱ የሚዝናናው ሰው ብቻ አይደለም፤ ከሥራ አምሽታ በእግሯ የምትመለሰውም ልጅ ናት። የታመመ ልጁን አዝሎ ሐኪም ቤት የሚሮጠው አባትም በዚሁ ሌሊት ውስጥ አለ።

ጫጫታ የእንቅልፍ ጠላት ነው፤ ስካርም የትዳር ጠላት ነው። ገደብ አያስፈልግም የሚል ሰው የአሜሪካኖቹን ሴቶች እንባ ያላየ ነው። ነገር ግን በአዋጅና በመመሪያ ክልከላ የሚያረቅ ሹም ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ራሱን ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። የተከለከለው ነገር በር ሲዘጋበት በየት በኩል ይወጣል? የዚያ የስውር በር ቁልፍ በማን እጅ ይገባል? ክልከላው የሚያበቃበት ቀንስ መቼ ነው? አሜሪካ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ሳትጠይቅ ቁልፉን ለካፖን ሰጠች። ደርግ ሦስተኛውን ሳይጠይቅ የአንድ ትውልድ ሌሊት ወሰደ።

በመንገድ መብራት፥ በሌሊት መጓጓዣ፥ ጨዋ በሆነ ፖሊስ፥ ለወጣቱም በቂ ሥራና መዝናኛ በማዘጋጀት የሚጠበቅ ሌሊት ከተዘጋ ሌሊት ይሻላል፤ ወጪው ከአንድ ገጽ መመሪያ ይበዛል እንጂ። እንዲህ ያለ ጥበቃ ያየ ሰው ነው ማንም በሌለበት ቦታ፥ በጨለማ መንገድ ላይ፥ «በሕግ አምላክ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ዱላውን የሚጥለው።